የእግዚአብሔርን ስም ማክበር፦ በገበያ፣ በችሎትና በቤታችን

የቅቤ ነጋዴዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ከሥራዬ የመጣ ጥያቄ ይዤ ነው የገባሁት። እዚህ የተማሩም ብዙ ያዩም ሰዎች ስላሉ መልስ አላጣም ብዬ አምናለሁ።

ቅቤ እሸጣለሁ። ለጋም፣ መካከለኛም፣ በሳልም አለኝ። ቅቤ ደግሞ በዐይን ብቻ የሚታመን ዕቃ አይደለም። ሙዝ የሚቀላቅልበት አለ፤ የሚረጋ ዘይት የሚጨምርበት አለ። ስለዚህ ገዢው ሁሉ ተጠራጣሪ ነው፤ አልፈርድበትም። ሴትዮዋ ትመጣለች፣ በጣቷ ቆንጠር አድርጋ ታሸታለች፣ እጇ ላይ ታሸዋለች፣ ዋጋ ትከራከራለች፤ በመጨረሻ ዐይን ዐይኔን እያየች «እስቲ ማርያምን በይ» ትለኛለች። ካላልሁ ጥላኝ ትሄዳለች። ከጎኔ ያለው ነጋዴ ግን ገና ሳይጠየቅ «እግዚአብሔርን! ሚካኤልን! ልጆቼን ይንሳኝ!» እያለ ይደረድርና ይሸጣል።

ቅቤዬ ንጹሕ ስለሆነ ብምልም ውሸት አልተናገርሁም። ነገር ግን በግማሽ ኪሎ ቅቤ ሰበብ ከጠዋት እስከ ማታ የፈጣሪን ስም መጥራት ልቤን አላረካውም። «የእግዚአብሔርን የአምላክህን ስም በከንቱ አትጥራ» የሚለውን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። «ስምህ ይቀደስ» ሳልል ደግሞ የማድርበት ሌሊት የለም። ለመሆኑ ለአንድ ክርስቲያን ስሙን ማክበር ማለት አለመማል ነው? እውነት እስከሆነ ድረስ መማል ይቻላል? ወይስ ነገሩ ከምላስ ያለፈ ነው? የምታውቁትን ንገሩኝ።

መምህረ ሰንበት

እኅቴ፣ ልብሽ አለመርካቱ በራሱ መልካም ነው። ጌታችን በተራራው ስብከቱ የተናገረው ቃል ግልጽ ነው፤ «ከቶ አትማሉ» ብሏል። በሰማይ እንዳንምል የእግዚአብሔር ዙፋን ነው፤ በምድር እንዳንምል የእግሩ መረገጫ ናት፤ በራሳችን እንዳንምል አንዲት ጠጉር ነጭ ወይም ጥቁር ማድረግ አንችልም። ከዚያም «ቃላችሁ አዎን አዎን ወይም አይደለም አይደለም ይሁን» አለ። ሐዋርያው ያዕቆብም በመልእክቱ 5፥12 ላይ ያንኑ ደግሞታል።

የቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅን ነገር ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ387 የአንጾኪያ ሕዝብ በግብር ተቆጥቶ የንጉሠ ነገሥቱን የቴዎዶስዮስንና የቤተሰቡን ሐውልቶች ገለባበጠ። ከተማው ሁሉ የንጉሡን ቁጣ እየጠበቀ በፍርሃት ተውጦ ነበር። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነው፤ አፈ ወርቅ ገና ቄስ ነው። በዚያ ሁሉ ጭንቅ መካከል ደጋግሞ ያስተማረው ስለ ምን ይመስልሻል? መሐላ ስለ መተው ነው። ሄሮድስ መጥምቁን ያስገደለው ስለ መሐላው ብሎ እንደሆነ እያስታወሰ ሕዝቡን ገሠጸ። አንድ የቤቱ ሰው ምሎ ከተገኘ እራት ሳይበላ ይደር፣ አባወራውም ቢሆን አይቀርለትም አለ። ልማድ በምክር ብቻ እንደማይለቅ ያውቅ ነበርና።

ሌላም ነገር አለ፤ ለገበያው ጉዳይ ይሄኛው ይቀርባል። አፈ ወርቅ ሌላውን ሰው አስገድዶ የሚያስምለውንም አልማረውም። ስለዚህ «ማርያምን በይ» የምትልሽ ገዢም የድርሻዋን ትሸከማለች። አንቺ ብቻሽን ተከሳሽ አይደለሽም።

ጠበቃው ከባሕር ዳር

መምህር፣ በአክብሮት በአንድ ነገር እለያለሁ። መጽሐፍ ቅዱስ መሐላን ሁሉ አልነቀፈም። ዘዳግም 6፥13 በስሙ መማልን ያዝዛል። የዕብራውያን መልእክት ምዕራፍ 6 ሰዎች ከእነርሱ በሚበልጠው እንደሚምሉ፣ እግዚአብሔር ራሱም ለአብርሃም ተስፋ ሲሰጥ በራሱ እንደማለ ይነግረናል። ቅዱስ ጳውሎስም ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ እግዚአብሔርን ምስክሬ ነው ብሎ ጠርቷል። ስለዚህ ለከባድ ጉዳይ፣ በፍርሃት፣ በእውነት የሚደረግ መሐላ ስሙን ያከብራል ብዬ አምናለሁ፤ ከእርሱ በላይ ምስክር የለም ማለት ነውና።

አያቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። አንድ ሰው «በንጉሥ አምላክ!» ብሎ ሲጮህ የሚሮጠው ይቆም ነበር፤ መንገደኛው ሁሉ ነገሩን ሳያይ አያልፍም። ሌባው ሲጠፋ አገሬው በአውጫጭኝ ይሰበሰብና በመሐላ ይመሰክራል። ፖሊስ በሌለበት አገር ሰውን የያዘው ያ ፍርሃት ነው። «ማተብ የለውም» የሚለው ስድብ ከማንኛውም ስድብ ይከብድ የነበረውም ለዚሁ ነው።

ዛሬ በችሎት የማየው ግን ሌላ ነው። ምስክሩ የሚለውን ኮሪደር ላይ አጥንቶ ይገባል። እጁን ያነሣል፣ ይምላል፤ መሐላው አንድ ትንፋሽ አይሞላም። ከዚያ በሚናገረው ቃል ግን ባሏ የሞተባት ሴት ይዞታዋን ታጣለች። ወጥቶም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተገላገልሁ» ይላል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይብስብኛል፤ በሐሰት የጠራውን ስም መልሶ ለምስጋና ይጠራዋል። ነቢዩ ዘካርያስ በምዕራፍ 5 ላይ ያየው እርግማን በስሙ በሐሰት ወደሚምለው ሰው ቤት ገብቶ እንጨቱንም ድንጋዩንም ይበላል። ዛሬ ይህን የሚፈራ ስንት ሰው ቀረ?

እኅታችን የቅቤ ነጋዴዋ፣ እኔ የምልሽ ይህ ነው፤ ግማሽ ኪሎ ቅቤ ለዚያ ዓይነት መሐላ አይበቃም። አትማዪ። መሐላ የሚገባበት ቦታ ግን አለ።

ቀለም ቀንድ

ልጆቼ፣ ሁለታችሁም መልካም ተናግራችኋል። እኔ ከጽሕፈት ቤት የመጣሁ ሰው ነኝ፤ በዚያው በኩል ልናገር።

ብራና ላይ የሚጽፍ ቁም ጸሐፊ በጥቁር ቀለም እየጻፈ ይሄድና የአምላክ ስም ወይም የእመቤታችን ስም ሲደርስ ቦታ ይተዋል። ያን ጊዜ አይጽፈውም፤ ያልፈዋል። በኋላ ሌላ ብርዕ ያነሣል፣ ቀዩን ቀለም ይነክራል፣ ተመልሶ በተተወው ቦታ ላይ ስሙን ይሞላዋል። የድሮ መጻሕፍትን ብትገልጡ አንዳንዴ ባዶ የቀረ ቦታ ታገኛላችሁ፤ ጸሐፊው ጥቁሩን ጨርሶ ወደ ቀዩ ሳይመለስ የቀረበት ነው። ስሙ እንደ ሌላው ቃል በሩጫ አይጻፍም፤ እጅ ይቆማል፣ ልብ ይሰበሰባል። ወጣቶቹ «ነገሩ ከምላስ ያለፈ ነው» ስትሉ እውነት ነው፤ ግን ምላሱንም አታቅሉብኝ። ስሙን ሲጽፍ እጁ የማይቆም ሰው ሌላ ነገር ሲያደርግም አይቆምም።

ነገር ግን ያው እጅ፣ ያው ብርዕ፣ ያው ቀይ ቀለም ሲስትም አይቻለሁ። ወንጌል የጻፈው ሰው ማታ ክታብ ይጽፋል፤ የአምላክን ስሞች እየደረደረ ለሀብት፣ ለመስተፋቅር፣ ለጠላት መቀጥቀጫ ብሎ ይሸጣል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 19 የአስቄዋ ልጆች «ጳውሎስ በሚሰብከው በኢየሱስ» ብለው አጋንንት ሊያወጡ ሞከሩ። ክፉው መንፈስም «ኢየሱስን አውቀዋለሁ ጳውሎስንም አውቀዋለሁ፤ እናንተሳ እነማን ናችሁ?» አላቸው፤ ቆስለው ዕራቁታቸውን ከዚያ ቤት ሸሹ። ስሙን መሣሪያ ያደረገ ሁሉ መጨረሻው ይኸው ነው። ምንኛ በቀይ ቀለም ቢጽፈው አክባሪ አይባልም።

ሌላም ልጨምር። ተማሪ ሳለን ደበሎ ለብሰን፣ አኩፋዳ ይዘን፣ ውሻ እየተከላከልን በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እንል ነበር። ስለ ስሟ የሰጠን ብዙ ነው፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። አንዳንዱ ደጅ ግን ሳይከፈት ከውስጥ «እግዜር ይስጥህ!» ይላል። እንጀራው ምጣድ ላይ ይሸታል፤ ሌማቱ ሲከደን ይሰማል። ያዕቆብ «በደህና ሂዱ፥ እሳት ሙቁ፥ ጥገቡም» ብሎ የጻፈው ለነዚህ ሰዎች ነው። መስጠት የማይፈልግ ሰው «የለኝም» ወይም «አልሰጥም» ይበል፤ እንቢታውን በፈጣሪ ስም አይሸፍነው። እኔ በከንቱ መጥራት ስባል ቀድሞ የሚመጣብኝ ያ የተዘጋ ደጅ ነው።

የወንጌል ልጅ

አባቴ፣ ጽሑፍዎን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። እኔ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን አባል ነኝ፤ በእኛ በኩል ያለውን ቁስል ላንሣ።

እኛ ዘንድ መሐላ ብዙም አይሰማም፤ ሌላ ነገር ግን በዝቷል። «ጌታ ተናገረኝ» ይባላል። እገሊትን አግባ ብሎ ጌታ ተናገረኝ፤ መኪናህን ስጥ ብሎ ጌታ ተናገረኝ፤ ይህን ሥራ ልቀቂ ብሎ ጌታ ተናገረኝ። የሰማው ሰው ምን ሊመልስ ይችላል? ከእኔ ጋር አትከራከር፣ ከእግዚአብሔር ጋር ተከራከር ማለት እኮ ነው። ሥራዋን ለቅቃ ባዶ እጇን የቀረች እኅት አውቃለሁ። ቃሉን የነገራት ሰው አንድም ቀን ተመልሶ እንዴት ሆንሽ አላላትም።

ኤርምያስ ምዕራፍ 23ን ያነበበ ሰው በዚህ ሊቀልድ አይችልም። እግዚአብሔር «አለምሁ አለምሁ» በሚሉ፣ ከልባቸው አውጥተው በስሙ በሚናገሩ ነቢያት ላይ እንደተነሣ በተደጋጋሚ ተናግሯል። ገለባ ከስንዴ ጋር ምን አለው ብሎ ይጠይቃል። በሐሰት መማል በአንድ ጉዳይ ላይ እግዚአብሔርን የሐሰት ምስክር ማድረግ ነው። ያልተናገረውን ተናገረ ማለት ደግሞ እርሱን ራሱን ተናጋሪ አድርጎ መዋሸት ነው፤ ከመሐላው የሚከፋ ይመስለኛል። ስሙን ማክበር ለእኛ ምዕመናን በመጀመሪያ «እኔ እንደሚመስለኝ» ማለትን መልመድ ነው። የራሴን ሐሳብ የራሴ ነው ልበል።

ግልጽ ተናጋሪ

ሁሉም ጥሩ ነው፤ ግን ዋናው ነገር ለምን ይታለፋል? የመጀመሪያዋ ጸሐፊ «ማርያምን በይ» ተባልሁ አለች። በፍጡር መማልስ ስሙን ማክበር ነው? ከዚያ እንጀምር።

መምህረ ሰንበት

ወንድሜ፣ ቤተ ክርስቲያን እመቤታችንን ታከብራለች፤ በስሟ ቅቤ ሽጡ ብላ ግን አላስተማረችም። በእግዚአብሔርም በቅዱሳንም ስም በየገበያው መማል ልማድ ነው፤ ትምህርት አይደለም። በአማላጅነት ጉዳይ ልንወያይ ከፈለግህ ሌላ ርእስ ክፈት፤ እመጣለሁ። የእኅታችንን ጥያቄ ግን የእኛ መከራከሪያ አናድርገው።

የወንጌል ልጅ

ከመምህር ጋር እስማማለሁ። ይልቅ ሁላችንንም የሚያስተባብር አንድ ነገር ላስታውስ። ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም. ወደ 30 የሚጠጉ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች በሊቢያ ሲገደሉ የሚያሳይ ቪዲዮ ወጣ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሥራ ፍለጋ ባሕር ሊሻገሩ የወጡ የድሃ ልጆች ናቸው። ስሙን ቢክዱ በሕይወት ይተርፉ ነበር ተብሎ ሲነገር ሰምተናል፤ እነርሱ ግን ሞትን መረጡ። በራእይ ምዕራፍ 3 «ስሜንም አልካድህም» የተባለለት ሰው ይህን ይመስላል። ስሙን ማክበር ከዚህ በላይ የለም።

ከቤይሩት

እነዚያን ወንድሞቻችንን ሳስብ እስከ ዛሬ እንባዬ ይመጣል። ነፍሳቸውን ይማር። ግን አንድ ነገር ልናገር፤ እዚህ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው።

በሰው ቤት ሠራተኛ ነኝ። የመጀመሪያዋ አሠሪዬ ክርስቲያን ነበረች፤ መቁጠሪያዋ ከእጇ አይወጣም፣ ሳሎኑ ውስጥ የእመቤታችን ሥዕል አለ፣ ከሥሩ ሻማ ይበራል። ሥዕሉን በየቀኑ የምወለውለው እኔ ነኝ። ስሟንም የልጇንም ስም ስትጠራ ድምጿ ይለወጣል፣ ዐይኗ እንባ ይሞላል። አስመስላ አይመስለኝም፤ ከልቧ ነው። ፓስፖርቴን ግን ቆልፋበታለች። ደመወዜን ስጠይቃት «እግዚአብሔር ያውቃል፣ ይመጣልሻል» ትለኛለች። በእሑድ እርሷ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ በሩ በእኔ ላይ ይቆለፋል።

በ2012 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ፣ የአገሩ ገንዘብ ወድቆ ኮሮናም በመጣበት ጊዜ፣ አሠሪዎች ሴቶቻችንን ከነሻንጣቸው አምጥተው በኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ጥለዋቸው ይሄዱ ነበር። አስፋልት ላይ ነው ያደሩት፤ ዓለም ሁሉ አይቶታል። ካወረዷቸው መኪኖች ውስጥ መስተዋቱ ላይ መስቀል የተንጠለጠለበትም ነበረ፣ መቁጠሪያ የተንጠለጠለበትም ነበረ።

እንግዲህ እኔ የምጠይቀው እናንተን የተማራችሁትን ነው። አሠሪዬ ስሙን በከንቱ ጠርታ አታውቅም፤ አትምልም፣ አትሳደብም። ታዲያ አክብራዋለች? ለሞት የሚያበቃ ቀን ለጥቂቶች ነው የሚመጣው። የወር መጨረሻ ግን ለሁሉም ይመጣል።

መምህረ ሰንበት

እኅቴ፣ ጥያቄሽ መጽሐፍ ውስጥ መልስ አለው። ሰው ብዙ አያነሣውም፤ ኤርምያስ ምዕራፍ 34 ነው።

የባቢሎን ንጉሥ ናቡከደነፆር ኢየሩሳሌምን በከበበ ጊዜ የይሁዳ ንጉሡ ሴዴቅያስና ሹማምንቱ፣ ዕብራውያን ባሪያዎቻቸውን አርነት ሊያወጡ ቃል ኪዳን ገቡ። ሕጉም በሰባተኛው ዓመት ይውጡ ስለሚል፣ የዘገየውን ትእዛዝ መፈጸማቸው ነበር። ቃል ኪዳኑን የገቡት ስሙ በተጠራበት በቤተ መቅደሱ ነው። እምቦሳ ለሁለት ቆርጠው በቁራጮቹ መካከል አለፉ። ሰዎቹንም ለቀቁ። ከዚያ የፈርዖን ሠራዊት ከግብፅ መጣ ሲባል ባቢሎናውያን ከበባውን ትተው ሄዱ። አደጋው ያለፈ መሰላቸው። ያን ጊዜ የለቀቋቸውን ወንዶችና ሴቶች መልሰው ወስደው እንደገና ባሪያ አደረጓቸው።

እግዚአብሔር በነቢዩ የተናገረውን ቃል ተመልከቺ። «ግፍ ሠራችሁ» ብቻ አላለም፤ ስሜን አረከሳችሁ አለ። ከእነዚያ ሰዎች አንዱም ስሙን አልሰደበም። መሥዋዕቱም ጸሎቱም እንደቀጠለ ነው። ስሙን ያረከሱት አንዲትን ገረድ ወደ ወፍጮዋ በመመለስ ነው። አሞጽም በምዕራፍ 2 በድሆች ላይ የሚሠራውን በደል ሲዘረዝር ቅዱሱ ስም እንደሚረክስ ይናገራል። ያዕቆብም ባለጠጎች ድሆችን ወደ ፍርድ ቤት ሲጎትቱ አይቶ «የተጠራችሁበትን መልካሙን ስም የሚሳደቡ እነርሱ አይደሉምን?» ብሎ ጠይቋል። በምዕራፍ 5 ደግሞ የተያዘው የሠራተኞች ደመወዝ ራሱ ይጮኻል፤ ጩኸቱም ወደ ጌታ ጸባኦት ጆሮ ይገባል ይላል።

ስሙ በቤታችን ከተጠራ፣ በዚያ ቤት የሚደረገው ሁሉ በስሙ ላይ ይጻፋል። ጳውሎስ «በእናንተ ሰበብ የእግዚአብሔር ስም በአሕዛብ መካከል ይሰደባል» ያለው ይህን ነው። አሠሪሽ አላከበረችውም፤ ሻማዋንም እንባዋንም ይዛ ስሙን አርክሳለች። ይህን ስል ለእርሷ እጸልያለሁ፤ ግን እውነቱን ከመናገር አልቆጠብም።

የቅቤ ነጋዴዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ መምህር። አንቺም እኅቴ የቤይሩቷ፣ አይዞሽ።

ጠበቃውና መምህር የተከራከሩትን ካነበብሁ በኋላ የወሰንሁትን ልንገራችሁ። ትንሽ የከሰል ምድጃና የብረት ማንኪያ ይዤ ወጣሁ። ገዢዋ «ማርያምን በይ» ስትለኝ ከዚያው ከምትገዛው ቅቤ ቆንጥሬ አቀልጥላታለሁ። ንጹሑ ጠርቶ ይታያል፤ ሙዝ የተቀላቀለበት ግን ታች ይዘቅጣል። አፌን አልከፍትም፣ እራሷ ትየው። አንዳንዷ «ለምን አትምዪም? የደበቅሽው አለ ማለት ነው» ብላ ትሄዳለች። ከጎኔ ያለውም ነጋዴ ደስ አላለውም፤ ገዢዎቹ እርሱንም አቅልጥልን ማለት ጀምረዋል። ገቢዬ እንደድሮው ነው ብል ውሸት ይሆናል፤ ቀንሷል። ግን የሚመለሱ ደንበኞች አሉ።

የሳሪሷ

ሁላችሁንም ዝም ብዬ ሳነብ ቆይቼ ነበር። የቤይሩቷን እኅት ቃል ካነበብሁ በኋላ ግን ዝም ማለት አቃተኝ።

አክስቴ በየወሩ በ12 የቅዱስ ሚካኤልን ዝክር ትዘክራለች። ጠላው፣ ዳቦው፣ ንፍሮው ይቀርባል፤ ጎረቤቱና ነዳያኑ ይጠራሉ፤ ካህኑ ጸሎት አድርሰው «ስሙን ለጠራ፣ ዝክሩን ለዘከረ» እያሉ ይባርካሉ። ቤቱ በበረከት የተሞላ ነው፤ አክስቴም ደግ ሴት ናት፣ እኔን ያሳደገችኝ እርሷ ናት። ዝክሩን የምትደግሰው ግን ከገጠር የመጣች ልጅ ናት። ሌሊት ተነሥታ ዳቦውን ትጋግራለች፤ እንግዳው ሲበላ ከማድ ቤት አትወጣም። ደመወዟ «እያስቀመጥሁላት ነው፣ በእጇ ብሰጣት ታጠፋዋለች» ይባላል። ሁለት ዓመት አልፏል። ስንት እንደተጠራቀመ ልጅቷም አታውቅም፤ አክስቴም በትክክል የምታውቅ አይመስለኝም።

እኔ ልጇ ነኝ ማለት ይቻላል። አሳዳጊዬን «ስሙን እያረከስሽ ነው» ብዬ እንዴት እናገራለሁ? ብናገርም ነውር ይሆንብኛል፤ ዝም ብልም ዝክሩን እየበላሁ ነው።

ጠበቃው ከባሕር ዳር

እኅቴ የሳሪሷ፣ መጀመሪያ ሕጉን ልንገርሽ፤ ብዙም አያጽናናሽም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ማለትም ቁጥር 1156/2011፣ በግለሰብ ቤት የሚሠሩትን አይሸፍንም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ስለ ቤት ሠራተኞች የሚላቸው ጥቂት አንቀጾች አሉ፤ ግን የትኛዋ የገጠር ልጅ ናት ያንን ይዛ ችሎት የምትቆመው? የጽሑፍ ውል የለም፣ ምስክር የለም። አክስትሽ የተባለውን ደመወዝ «አልተስማማንም» ብትል ማረጋገጥ ከባድ ነው። እንግዲህ በዚያች ልጅና በገንዘቧ መካከል ያለው የአክስትሽ ፈሪሃ እግዚአብሔር ብቻ ነው። ዘዳግም 24፥15 የቀን ሠራተኛን ደመወዝ ፀሐይ ሳትገባ ስጠው ያለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሌላ ዳኛ የለውምና ወደ እግዚአብሔር ይጮኻል።

«እያስቀመጥሁላት ነው» የሚለውን ቃል በክፉ ብቻ አልተረጉመውም። ብዙ ቤት ውስጥ ከቅንነት ይጀምራል። ግን ያልተቆጠረ ገንዘብ በሁለተኛው ዓመት የአስቀማጩ መምሰል ይጀምራል፤ ለክረምት ጣሪያ ይወጣል፣ ለትምህርት ቤት ይወጣል።

ቀለም ቀንድ

ልጄ የሳሪሷ፣ አንቺ ለአክስትሽ ገሣጭ መሆን አይገባሽም፤ ልክ ነሽ። የንስሐ አባት ግን አላቸው አይደል? ሂጂና ለእርሳቸው ንገሪ። ስም ማጥፋት አይሆንብሽም፤ ሥራቸው ነው። በ12 መጥተው ጠበሉን የሚባርኩት እርሳቸው ከሆኑ ደግሞ ነገሩ እርሳቸውንም ይነካል። ካህን እንደመሆናቸው በማድ ቤቱ በኩልም ማለፍ ይገባቸዋል። በዝክሩ ቀን፣ በሰው ፊት አይሁን፤ ሴትዮዋን ማዋረድ ልጅቷን አይጠቅማትም። በሌላ ቀን ለብቻቸው ያነጋግሯቸው።

ከቤይሩት

የሳሪሷ እኅቴ፣ ከአባታችን ምክር ላይ አንድ ነገር ልጨምርልሽ። እስከዚያው ልጅቷን ብቻዋን አግኝተሽ ጠይቂያት። መቼ እንደመጣች፣ በወር ስንት እንደተባለች፣ ለእናቷ የተላከ ገንዘብ ካለ ስንት እንደሆነ ከአፏ ስሚና ጻፊው። እኔን ያን ጊዜ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ማንም ሳይሰጣት፣ ሰው መጠየቁ ብቻ ልቧን ያቆመዋል። ደግሞም ስሙን የሚፈሩ ሰዎች በዚያ ቤት መኖራቸውን ታውቅ።

የሳሪሷ

የንስሐ አባታችንን በስልክ አግኝቻቸዋለሁ፤ ረቡዕ ከቅዳሴ በኋላ ነይ ብለውኛል። ልጅቷንም አነጋገርሁ። የመጣችበትን ወር የምታስታውሰው በመስቀል ሰሞን ብላ ነው። ገንዘቡ ሲቆጠር ምን ምን ማድረግ እንዳለብን ጠበቃው ቢነግሩን።

ጠበቃው ከባሕር ዳር

ከመጣችበት ወር ጀምሮ ቁጠሩ። በመካከል የተሰጣት ልብስ ስጦታ ነው፤ ከደመወዝ አይቀነስም። ለቤተሰቧ የተላከላት ገንዘብ ካለ ይቀነስ፤ ግን ደረሰኙ ይታይ ወይም እናቷ በስልክ ትጠየቅ። ድምሩ በወረቀት ይጻፍና አክስትሽም ልጅቷም ይፈርሙበት፤ የንስሐ አባታችሁና አንድ ጎረቤት በምስክርነት ይፈርሙ። ሙሉውን ባንድ ጊዜ መክፈል ካልቻሉ በየስንት ጊዜው ስንት እንደሚከፈል ከነቀኑ ይጻፍ። የሚቀጥለው ወር ደመወዝ ግን ከዚህ ጋር አይቀላቀል፤ በወሩ መጨረሻ በቀጥታ ወደ ባንክ ሒሳቧ ይግባ። ልጅቷ ማንበብና መጻፍ የማትችል ከሆነ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የምታምነው የአገሯ ሰው ካለ ጥሩት፤ አብሯት ተቀምጦ ይቁጠር።